የወንድሟ ኩላሊትና የኮሶው ጧት

የትምወርቅ መቀመጥ አይሆንላትም። መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ ከጨርቅ ተራው ጫፍ፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያላት ሱቅ አለቻት፤ በዚያች ሱቅ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እንኳ ተቀምጣለች ማለት ይቸግራል። እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል፣ እጇ ጨርቁን ይገፋል፣ ዓይኗ መንገዱን ይቃኛል፣ አፏ ደግሞ ከጎኗ ክርና ቁልፍ የምትሸጠውን አልታየችን ያስቃል። «አንቺ ሴትዮ፣ ካልታመምሽ የማትቀመጪ ነሽ» አለቻት አንድ ቀን አልታየች። ያን ቀን እስከ ዛሬ ትረግመዋለች። የትምወርቅ ታመመች፤ ታማም አልተቀመጠችም።

ትውልዷ ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ገብስ ከሚዘራበት ደጋ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ዳሯት፤ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ትዳሩ አልሆን ሲላት ነጠላዋን ደርባ ወደ ከተማ ወረደች። ዘመድ ሁሉ አኮረፈ። ሊመልሳት የተላከው ታላቅ ወንድሟ ይሄነው ነበር። መጣ፣ አንድ የአህያ ጭነት ገብስ በሯ ላይ አራገፈ፣ «ይዘሃት ና ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ገብስ ነው ያመጣሁት» አለና አህያውን እየነዳ ተመለሰ። ይሄነው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሰው ሊረዳ ሲነሣ አይጠይቅም፤ ያመጣል። ይህን ጠባዩን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው።

በሽታው ሲጀምራት ማሳከክ ብቻ ነበር። ሽፍታ የለ፣ ቁስል የለ፣ ግን ጀርባዋ፣ ክንዷ፣ ውስጥ እግሯ ይበላታል። የጨርቅ መለኪያ እንጨቷን በቀሚሷ አንገት አስገብታ ስታክ ደንበኛ እየገባ ያያት ነበር። ቀጥሎ አፏ ተበላሸ። ሽሮውም፣ ዳቦውም፣ ውሃውም ሳንቲም ሳንቲም ይላት ጀመር። ጧት ጧት ያቅለሸልሻታል። ከሁሉ የከፋው ግን እግሯ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ የዋለው እግር ጋደም ስትል ያለ ፔዳል ይረግጣል። ውስጡ የሚሄድበት ነገር ያለ ይመስል አላሳርፍ ይላታል፤ ተነሥታ ክፍሏን ስትዞር ይነጋል። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች። ፊቷ አብጦ፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት አልታየች እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ከዚያ ወደ ደሴ ላኳት። ደሴ ላይ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ማቆማቸውን ነገሯት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓመት ከሁለት ወር የትምወርቅ ማውራት አትወድም። ደሴ ቤት ተከራይታ በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ትገባ ነበር። እንደሷ ያለች ሴት አራት ሰዓት ሙሉ ክንዷን ዘርግታ፣ ደሟ በቱቦ ሲወጣና ሲገባ እያየች፣ ሳትነቃነቅ! ውሃ እንኳ በኩባያ ተለክቶ ነበር የሚፈቀድላት። አንድ ቀን ሲመሽ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ያን ሁሉ ውሃ ሰምታ አንድ ጉንጭ መጠጣት ባለመቻሏ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ይሄነው ሊጠይቃት መጣ። እንደ ልማዱ ገብስ ይዞ። እጥበት ላይ እንዳለች በመስታወት አያት፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሐኪሙ ሄደና «የኔን ብትሰጧትስ?» አለው። መንደሩ ይህን ሲሰማ ተንጫጫ፤ ሚስቱ ብዙዬ ምግብ አልበላም ብላ ሁለት ቀን ዋለች። «ካሉኝ ሁለት በሬዎች አንዱን ስጥ ብትሉኝ እቸገር ነበር፤ አንድ በሬ አያርስም» አላቸው ይሄነው። «አንድ ኩላሊት ግን ይሠራል ብለውኛል።» ምርመራው ሁሉ ተስማማ። በሚያዝያ ወር ወንድምና እኅት አዲስ አበባ ሆስፒታል ገቡ።

እዚያ ነው ፈርሂያን ያገኟት። ፈርሂያ ከመካነ ሰላም ብዙ የማትርቀው የደጎሎ ልጅ ናት፤ ነርስ ሆና በአንድ ጥናት ላይ ትሠራለች። የመካነ ሰላም ሰው መምጣቱን ስትሰማ ወረቀቷን ይዛ እየሮጠች መጣች። ጥያቄዋ ብዙ ነው። ማሳከኩ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሆናል? ማቅለሽለሹስ? የእግሩስ ዕረፍት ማጣት?

«የእግሬን አሥር አይበቃውም» አለች የትምወርቅ።

«ወረቀቱ ከአሥር አያልፍም፣ እቴ። አሥር ልበልልሽ።» ጽፋ ስትጨርስ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ አወጣች። «አሁን ደግሞ ሰገራ ትሰጪኛለሽ።»

«ኩላሊቴ ነው የታመመው እኮ፣ እኅቴ!»

ፈርሂያ ሳቀች። «ሆድሽ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍስ ያላቸው ነገሮች ሞልተዋል፤ ቁጥር ስፍር የላቸውም። ሊጡን የሚያቦካው እርሾ የለም? እንደዚያ በያቸው። አብዛኞቹ ደግ ናቸው። ኩላሊት ሲደክም እነሱም ይዛባሉ፤ ማሳከኩም ሌላውም ከነሱ ጋር ይያያዝ እንደሆነ ገና አላወቅንም። አሁን አንድ ጊዜ፣ ከንቅለ ተከላው በኋላ በሦስት ወርና በስድስት ወር ደግሞ እንወስዳለን፤ አብሽሪ።»

የትምወርቅ ዕቃዋን በነጠላዋ ሸፍና እየተሽኮረመመች ወደ መጸዳጃ ሄደች። ይሄነው ግን ጎን ካለው አልጋ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ስለ እርሾውና ስለ ደጎቹ የተባለው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። በልቡ የቀረችው አንዲት ነገር ናት፤ የእኅቴ ሆድ ውስጥ ነፍስ ያላቸው ነገሮች አሉ፤ የኔ ኩላሊት እዚያ ሊገባ ነው።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። በማግስቱ ይሄነው ጎኑን ይዞ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየተደገፈ ክፍሏ በር ላይ ደረሰ። እንደምን አደርሽ የለ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ የለ።

«ሸናሽ?»

«ሸናሁ» አለች የትምወርቅ። ዓመት ከሁለት ወር ያላየችው ሽንት በፕላስቲኩ ከረጢት ሞልቶ ተንጠልጥሎ ነበር። ሁለቱም አለቀሱ።

ሳምንት ሳይሞላ ማሳከኩ ጠፋ። ሳንቲሙ ከአፏ ወጣ፤ የሆስፒታሉ አልጫ እንኳ ጣመኝ አለች። እግሯም ዝም አለ፤ እንቅልፍ ማለት ይህ ነው ወይ ብላ እስኪገርማት ተኛች። ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር፣ አንድ ነገር ሲቀር። ኩላሊቱ ወደ እሷ ሲመጣ ዕረፍት ማጣቱ ወደ ይሄነው ሄደ። ደጋ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ እየወጣ ቀን በቀን ይደውላል፤ ጥያቄው ያው አንድ ነው። በነሐሴ ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ ደግሞ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ከሱቋ በር ላይ ይቆምና ደንበኛ አይል፣ ቄስ አይል፣ «ሸናሽ?» ይላል። አልታየች በሳቅ ትወድቃለች። የትምወርቅ ፊቷ እየቀላ «ሸናሁ፣ ሸናሁ፣ ግባ አሁን!» ትለዋለች። ትናደዳለች። በልቧ ግን ከገበያ ቀን ገበያ ቀን ትቆጥር ነበር።

መድኃኒቱ የራሱ ጣጣ ነበረው። ጧት ሁለት ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት፣ ዝንፍ ሳይል፣ ዕድሜ ልክ። እጇን ያንቀጠቅጣታል፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባላት አልታየች ሆነች። በመስከረም ደግሞ ሆዷ ተነሣ። ይነፋታል፣ ይጮኻል፣ በቀን አምስት ጊዜ ያስሮጣታል። ፈርሂያ በስልክ «ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሙ መጠኑን ያይልሻል፤ ለቀጠሮሽ ቀድመሽ ነይ» አለቻት። ጥሬ ነገር፣ ያልፈላ ወተት፣ ማንኛውም የባሕል መድኃኒት ክልክል ነው ብላ የነገረቻትንም ደገመችላት። የትምወርቅ ለመሄድ መንገዱ እስኪደርቅ ልጠብቅ አለች።

ይሄነው ግን ከሰል መስላ ሲያያት መንገድ አልጠበቀም። ያመጣል ብያችሁ የለ? በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዋዜማ፣ ሲመሻሽ፣ ከረጢት ይዞ ከች አለ።

«ዛሬ እራት አትብዪ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኮሶ።»

የደጋ ሰው ኮሶን ያውቀዋል። የዛፉ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ጧት በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ሆድን ገልብጦ ያለውን ትል ሁሉ ያወጣል። የነዚህ ሰዎች እናት ልጆቿን በየሁለት ወሩ ታሰልፍና ታጠጣ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ሥራ አይታዘዝም፣ እንግዳም አይገባበትም።

«ወንድምአለም፣ ቅጠላ ቅጠል እንዳትነኪ ብለውኛል እኮ።»

«ቅጠል አይደለም፤ አበባ ነው» አለ ይሄነው ፍርጥም ብሎ። «ነርሷ ያለችውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሆድሽ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አለ። እሱ ነው የሚያስሮጥሽ፤ ዛሬ አንጀትሽን፣ ነገ ኩላሊቱን ይበላዋል። አፈር ስሆን እታለም፤ እንቅልፍ አጣሁ።»

እሷ ፈርሂያ ስለ እርሾው ያለችውን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ዓይኑን አየችው፤ ቀልቷል፤ ከስቷል። ጎኑ ላይ አንድ ስንዝር ጠባሳ እንዳለ ታውቃለች። እንደዚህ ላለ ሰው እምቢ የሚባለው በምን አፍ ነው? አፏን መልሳ ዘጋችው። ጎህ ሲቀድ ይሄነው በጨርቅ አጥልሎ የሰጣትን ጣሳ ሙሉ ኮሶ፣ አፍንጫዋን ይዛ ጠጣችው።

እሱ እንደ ደንቡ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው መለሰ። «ኮሶ ጠጥታለች፤ ዛሬ ሥራ የለም» ይላል ኮራ ብሎ። ውስጥ የትምወርቅ ከመጸዳጃ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ትመላለሳለች። የሁለት ሰዓቱን መድኃኒት ዋጠች፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ወጣ። የማታውም እንደዚያው። በማግስቱ ከንፈሯ ደርቆ፣ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ ስትነሣ ይሄነው ከደጅ ጠየቃት።

«ሸናሽ?»

ከትናንት ቀትር ጀምሮ ጠብ አላለም ነበር።

«ሸናሁ» አለችው። ለዚህ ጥያቄ ስትዋሸው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ግን ያ ሳንቲም ወደ አፏ ተመለሰ። ያን ጊዜ ተደብቃ ለፈርሂያ ደወለች። ፈርሂያ «ምን ወሰድሽ?» ስትላት «ምንም» አለቻት። «ያላህ! አንዲት ሰዓት እንዳትቆዪ፣ አሁኑኑ ደሴ!» አለች ፈርሂያ። ሚኒባሱ በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ ሲያንገላታቸው ይሄነው ከጎኗ ሆኖ «ኮሶው ገና እየጠረገ ነው፣ አብሽሪ» ይላታል፤ ላቡ ግን በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

ደሴ ደሟን አዩት። ክሬቲኒን የሚሉት ቁጥር፣ ኩላሊት ሲታመም የሚወጣው፣ በሦስት እጥፍ ወጥቷል። ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ጠየቃት።

«የባሕል መድኃኒት ጠጥተሻል?»

«አልጠጣሁም።»

«ተቅማጡ ከመቼ ጀምሮ ነው የበረታው?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንግዲያው ሰውነትሽ ኩላሊቱን እየገፋው ይሆናል። አዲስ አበባ ካሉት ሐኪሞችሽ ጋር ተነጋግሬ ጠንካራ መድኃኒት ልንጀምርልሽ ነው። ከባድ ነው፤ ያለ ምክንያት የሚሰጥ አይደለም። ስለዚህ ደግሜ ልጠይቅሽ፤ ምንም አልወሰድሽም?»

የትምወርቅ በሩ ላይ የቆመውን ወንድሟን አየችው። አዎ ብትል፣ የሰጣትን ኩላሊት በገዛ እጁ እንደጎዳው በሰው ፊት ልትነግረው ነው። አልወሰድኩም ብትል ኩላሊቱ ሊሄድ ነው። እሷ እንግዲህ ኩላሊቱ ይሂድ ብላ ቆርጣለች። ሞኝነት ነው በሉ፤ እኔም ብያታለሁ። «ምንም» አለች።

ይሄነው ወደ ውስጥ ገባ። ከኮቱ ኪስ በጨርቅ የተቋጠረ የተረፈ ኮሶ አወጣና ሐኪሙ መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄን እኔ ነኝ ያጠጣኋት» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ሸናሁ ብለሽኝ አልነበር?»

መልሷን ሳይጠብቅ ወጥቶ ሄደ።

ሐኪሙ ጠንካራውን መድኃኒት ተወና በደም ሥሯ ውሃ ለቀቀባት፤ ሰውነቷ ደርቆ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽንት መጣ። በስድስተኛው ቁጥሩ ወደ ነበረበት ተጠጋ። የትምወርቅ ሽንት በመጣበት ቀን በሩን ስታይ ዋለች። የሚጠይቃት ሰው አልመጣም። ስልኩንም አላነሣም።

በጥቅምት ለስድስት ወር ቀጠሮዋ አዲስ አበባ ስትሄድ ፈርሂያ ወረቀቷን ዘርግታ ጠበቀቻት። ማሳከክ፣ ዜሮ። ማቅለሽለሽ፣ ዜሮ። የእግር ዕረፍት ማጣት፣ ዜሮ። ሆዱም፣ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ካስተካከለ ወዲህ ከስድስት ወደ ሁለት ወርዷል።

«ባለፉት ሦስት ወሮች ከታዘዘልሽ ውጭ የወሰድሽው ነገር?»

«ኮሶ።»

ፈርሂያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለኮሶ እንኳ ቅጹ ላይ ቦታ የለም» አለች፤ ኅዳጉ ላይ ግን ጻፈችው። «እነዚያን ደጎቹን ሁሉ ጠርገሻቸዋል ማለት ነው፣ እቴ። ብቻ እርሾ ቡሃቃው ሙልጭ ቢልም ይነሣል፤ ናሙናሽን እናያለን።» ቀና ብላ አየቻት። «ወንድምሽ ደኅና ነው?»

«ቅጽሽ እሱንም አይጠይቅም» አለች የትምወርቅ፣ እንባዋም መጣ።

ከዚያ በኋላ የገበያው ቀን ሁሉ ጭንቅ ሆነባት። እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። ሱቋ ውስጥ «ሸናሽ?» የሚል የለም። አልታየችም መሳቅ ተወች። በኅዳር፣ ገብስ በሚታጨድበት ሳምንት፣ የትምወርቅ ሱቋን ዘጋች፤ የፈላ ውሃዋን በላስቲክ ጠርሙስ ያዘችና ያንን የሦስት ሰዓት ዳገት በእግሯ ወጣችው። ካቻምና ደረጃ ያቃታት ሴት ናት ይህች።

ይሄነው ከአጫጆች ጋር ማሳ ውስጥ ነበር። አያት፣ ማጭዱን ትከሻው ላይ ጣለና መጣ። ስለ ሰብሉ ጠየቃት፣ ስለ መንገዱ ጠየቃት፣ ስለ አልታየች ጠየቃት። ያችን አንዲት ጥያቄ አልጠየቃትም።

«ዋሽቼሃለሁ» አለችው የትምወርቅ፣ ገና ሳትቀመጥ። «ኮሶውንም አልጠጣም ማለት ነበረብኝ። ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። አንተን እምቢ ማለት ፈርቼ ነው።»

ይሄነው ማጭዱን ከትከሻው አወረደ። «ኩላሊቴን ሰጥቼሽ እምቢታሽን ወሰድኩብሽ በያ» አለ። «ልነጥቅሽ አልነበረም እኮ፣ እታለም። ልቤ አላርፍ ብሎኝ ነው።»

ብዙዬ ከጓዳ ወጣች፤ በዋንጫ እርጎ ይዛለች፣ ካልፈላ ወተት የረጋ። ለእንግዳ ሲሰጥ እምቢ የማይባል ነገር ነው። ይሄነው ዋንጫውን ተቀብሎ ለእኅቱ ዘረጋላትና ዓይን ዓይኗን አያት።

«ትጠጫለሽ?»

የትምወርቅ ዋንጫውን በመዳፏ ወደ እሱ መለሰችው።

«አልጠጣም።»

«ብዙዬ፣ ውሃ አፍዪላት» አለ ይሄነው፤ እርጎውን ራሱ ጠጣው። ምሳ አብረው በሉ። ጠባሳውን አሳያት፤ የራሷን በልብሷ ላይ አስዳሰሰችው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሳትል የማታው መድኃኒቷ እንዳያልፍባት ተነሣች።

ቁልቁለቱን ጀምራ ከማሳው ዳር ካለው የድንጋይ ካብ አጠገብ ስትደርስ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች። ይሄነው ማሳው መሐል ቆሟል፤ ዙሪያውን አጫጆቹ አሉ፣ ከነሱም መሐል የነፍስ አባታቸው አሉ። እጁን አፉ ላይ ደግኖ፣ ሸለቆው እስኪያስተጋባ ጮኸ።

«ሸናሽ?»

የትምወርቅ አፏን ልትከፍት ብላ ቆመች። ከጧት ጀምሮ የጠጣችው ውሃ ብዙ ነው፣ ግን ከቤቷ ከወጣች ወዲህ አልሸናችም፤ ይህን ሰው ደግሞ ሁለተኛ ላትዋሸው ምላለች። እጇን አንሥታ ጠብቅ አለችው። ካቡን ዞራ ቁጭ አለች። አጫጆቹ ማጨዳቸውን አቁመው፣ ይሄነውም እጁን ከአፉ ሳያወርድ ጠበቁ። ከዚያ ቀሚሷን እያራገፈች ብቅ አለችና ባላት ጉልበት ሁሉ ጮኸች።

«ሸናሁ!»

ይሄነው ማጭዱን አነሣና ወደ ገብሱ ተመለሰ። ብዙዬ ኋላ እንደነገረቻት፣ በዚያ ቀን ማታ እራቱን እንኳ ሳይጨርስ እንቅልፍ ጣለው።